ጤፍና ቲማቲም፦ ስለ ድርድር ጥንካሬ

ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆ አድርጎ ወደ መቂና ወደ ባቱ በሚዘልቀው መንገድ ዳርና ዳር ሁለት ዓይነት ሻጭ ይገኛል። አንደኛው የአድአ ጤፍ ያለው ገበሬ ነው። ጤፍ አይነቅዝም፤ በጎተራ ቢከርም ብልሽት አያገኘውም። ስለዚህም የጤፉ ባለቤት ነጋዴው የሰጠውን ዋጋ ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ፣ አህያውን አዙሮ ወደ ቤቱ ለመመለስ ይችላል። የሚቀጥለው ገበያ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው የመቂ ቲማቲም አምራች ነው። ቲማቲሙ ቀልቷል፤ ሳጥኑ ሞልቷል፤ የስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ያቃጥላል። ደላላው ግን ስልኩን እያየ፣ «አዲስ አበባ ላይ ዕቃው ተትረፍርፏል» እያለ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጧል። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አላስፈራራም፤ አልተሳደበም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር መጠበቅ ብቻ ነው። እያንዳንዷ የመጠበቂያ ሰዓት ግን ከቲማቲሙ ዋጋ ላይ ትቆርጣለች፤ ከደላላው ኪስ ምንም አትነካም።

እነዚህ ሁለት ገበሬዎች የሚለያዩት በጠባይ አይደለም። እንዲያውም የጤፉ ባለቤት ዓይነ አፋር፣ የቲማቲሙ ባለቤት ደግሞ በክርክር የታወቀ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን ይችላል። ማምሻውን ግን ዓይነ አፋሩ ያሰበውን ዋጋ ይዞ፣ ተከራካሪው አንገቱን ደፍቶ ወደየቤታቸው ይገባሉ። የድርድር ጥንካሬ እየተባለ የሚወደሰው ነገር ብዙውን ጊዜ የልብ ጉዳይ ሳይሆን የጎተራና የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት ከዚህ መንገድ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። የመቂና የባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች በኅብረት ሥራ ዩኒየን መደራጀታቸውም ከዚሁ አንጻር ሊታይ ይገባዋል። ብዙዎች በአንድ ሲሆኑ የሚገዙት ትልቁ ሀብት የድምፅ ብዛት ሳይሆን አንድ ቀን ውሎ የማደር አቅም ነው።

«ጠበቅ አድርጎ የሚደራደር፣ ካልሆነም ቀረጥ የሚጭን፣ ከለዘብተኛው የተሻለ የንግድ ውል ያገኛል» የሚለው አስተሳሰብ ከገበያ ዳር እስከ ታላላቅ መንግሥታት አዳራሽ የተንሰራፋ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2025 የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከሞላ ጎደል በዓለም አገሮች ሁሉ ዕቃ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ መጣላቸውን ሲያውጁ የቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር፤ ኢትዮጵያም በ10 በመቶው መደብ ውስጥ ገባች። ከቻይና ጋር የተደረገው መወራወር በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአንዱ ወገን 145፣ በሌላው 125 በመቶ ደረሰ። በሜይ ወር ጄኔቫ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ወደ 30ና ወደ 10 በመቶ ዝቅ አደረጉት። ደጋፊዎቹ ይህን የጥንካሬ ፍሬ ነው አሉ። ተቃዋሚዎቹ ሁለት ሰዎች እሳት ጨብጠው፣ ሁለቱም እጃቸው ሲቃጠል በአንድነት የጣሉበት ሁኔታ ነው አሉ።

ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ለተውኔት ጸሐፊ ምቹ ገጸ ባሕርይ መሆኑ እዚህ ላይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይገባል፤ ይጮኻል፤ ወረቀት ይቀዳል፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል። በአንጻሩ በጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቀውን ደላላ መድረክ ላይ ያወጣ ደራሲ አዳራሹን በማንቀላፋት ይሞላዋል። ይህ የመድረክ ጥበብ ድክመት ነው። ከመድረክ ወጥቶ የአገር አስተዳደር ሚዛን ሲሆን ግን ድክመትነቱ ያበቃና አደጋ ይሆናል፤ ሕዝብ ጩኸትን ከአቅም ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ይጀምራልና።

ስለዚህ ጥያቄው የስልት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ድርድር ሲከር አንድ ሰው የመጠበቁን ዋጋ ይከፍላል። ያ ከፋይ ማን ነው? «አልነካም፣ አልመለስም» ያለው ተደራዳሪ ራሱ ነው ወይስ በአዳራሹ ውስጥ ወንበር ያልነበረው ሌላ ሰው? የጥንካሬ ሥነ ምግባራዊ ሚዛን ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነው። ስምጥ ሸለቆውም ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ለመመርመር የሚበቃ ታሪክ አለው።

አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ናዝሬት እየተባለች በምትጠራበት ዘመን ካራቫንና ሐዲድ፣ ኋላም ከባድ መኪና እየተፈራረቁ አሳደጓት። ሐዲዱ ግን ወደ እርስዋ ከመድረሱ በፊት ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው መሥመር የኩባንያው ገንዘብ በማለቁና ፈረንሣይ፣ እንግሊዝና ኢጣሊያ በሚያደርጉት ሽኩቻ ምክንያት ወደፊት መግፋት ተሳነው። በዚህ ጊዜ የፈረንሣዩ ልዑክ ክሎቡኮውስኪ አዲስ አበባ መጣ። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተፈራረመው ውል ከፈረንሣይ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በወይን፣ በቢራና በመሳሰሉት መጠጦች ላይ ደግሞ ከ8 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። የፈረንሣይ ተገዢዎችም በኢትዮጵያ ዳኛ ብቻ እንዳይዳኙ ልዩ የፍርድ መብት ሰጠ። ሐዲዱን ለመቀጠል የሚያስችለው አዲስ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን የተሰጠው በዚያው ወር ነበር። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

የአድዋን ጦርነት ያሸነፉት ንጉሥ በጠባያቸው ደካማ ተደራዳሪ ነበሩ የሚል ሰው አይገኝም። ነገር ግን ባሕሩ በሌሎች እጅ ነበር። ጦር መሣሪያውም፣ ሸቀጡም፣ ሐዲዱም የሚገባው በጅቡቲ በር ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል በግንቦት 1876 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር በአድዋ ተዋውለው በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ የመተላለፍ መብት አግኝተው ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ዝምታ ምጽዋን ያዘች፤ ውሉም ከወረቀትነት አላለፈም። በር የሌለው ቤት ባለቤት የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን ለበረኛው ይከፍላል። ክሎቡኮውስኪም እንደ መቂው ደላላ ድምፁን ከፍ ማድረግ አላስፈለገውም።

ያን ውል የከፈለው ማን ነበር? ሌሎች መንግሥታትም የእኩል ተጠቃሚነት መብት አለን እያሉ ከዚያው 10 በመቶ ጥላ ሥር ስለገቡ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ከውጭ ዕቃ ላይ ማግኘት የሚገባውን ገቢ ለማሳደግ ሳይችል ቆየ። በ1923 ዓ.ም. የኤክሳይዝና የፍጆታ ቀረጥ ሕግ ሲያወጣም የውጭ ልዑካን ተቃውሞ ገጠመው። ከውጭ በሚገባው ሐር ላይ ያልተጫነው ሸክም ግን በሌላ ቦታ ማረፉ አልቀረም፤ በገበሬው ግብር ላይና በየኬላው በሚቆመው አጋሰስ ላይ አረፈ። በድሬዳዋ ጉምሩክ ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን በቅርብ ያዩ ሰው ነበሩ። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የአገር ውስጡን የኬላ አሠራር ነቅፈዋል። ከዚያም አልፈው ዕውቀት ያለውና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ የመጀመሪያው የጥቂት ቀን ሥራውን በሁለተኛው የብዙ ቀን ድካም እንደሚለውጥ አስረድተዋል። በሌላው ዓለም ያልተስተካከለ ልውውጥ እየተባለ ብዙ የተጻፈበት ሐሳብ በአማርኛ ቀድሞ መነገሩ የሚያኮራ ነው። ከጉምሩክ ደጃፍ መነሣቱ ደግሞ ይበልጥ ያኮራል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ለስላሳነት በራሱ በጎነት አይደለም። የሕዝብን ውክልና ይዞ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው «ቸር ነኝ» ብሎ ቢፈርም ቸርነቱ ከራሱ ኪስ የወጣ አይደለም፤ የገበሬውን ኪስ ነው የከፈተው። ለኃይለኛነት የሚጠየቀው ጥያቄ ለለዘብተኝነትም ይጠየቃል።

ቀረጥም ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት ይጠቅማል፤ አጥር የሚሆን ቀረጥ አለ፤ አለንጋ የሚሆን ቀረጥ አለ። የአጥሩ ምሳሌ ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ፣ ወንጂ ላይ ይታያል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ከኢንዶኔዢያ ነፃነት በኋላ ሌላ የሸንኮራ አገዳ መሬት ሲፈልግ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ሰፊ መሬት፣ ማሽኑን ያለ ቀረጥ የማስገባት መብትና ከውጭ ስኳር ውድድር መጠበቂያ አግኝቶ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ እውነተኛ ፋብሪካ በቀለ፤ ሠራተኛም ሙያ ተማረ። የአጥሩን ዋጋ ግን ሻይ የሚጠጣው ሁሉ በየማንኪያው ከፈለ። ኩባንያው በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ ያ የተዋጣለት ውል የኖረው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ስለ አጥር ብዙ ሊባል ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት ግን አለንጋው ነው፤ ማለትም ሌላውን ወገን ለማስፈረም የሚነሣው ቀረጥ።

ስለ አለንጋው ስምጥ ሸለቆው ራሱ ያዘጋጀው ማነጻጸሪያ አለ። በባቱ ከተማ ዳር የዝዋይ ሐይቅ ተኝቷል። ያንኑ ሸለቆ ተከትሎ ወደ ደቡብ ለሚወርድ መንገደኛ ኬንያ ውስጥ የናይቫሻ ሐይቅ ይገኛል። በሁለቱም ሐይቆች ዳር ጽጌረዳ ይበቅላል። ጽጌረዳው ንጋት ላይ ይቆረጣል፤ በቀዝቃዛ መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይጓዛል፤ ወደ አውሮፓ ገበያም ይበርራል። ውሃው አንድ ዓይነት፣ ፀሐዩም አንድ ዓይነት፣ የቆራጮቹም ጣት በአንድ ዓይነት እሾህ የተወጋ ነው። በብራስልስ መዝገብ ግን ይለያያሉ። ኢትዮጵያ በዓለም እጅግ ድሆች ከተባሉት አገሮች ተራ ስለተመዘገበች፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉን በነፃ በሚያስገባው ደንብ መሠረት ጽጌረዳዋ ያለ ቀረጥ ይገባል። ኬንያ ከዚያ መደብ ውጪ ነች።

የአውሮፓ ኅብረት ከምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ጋር አዲስ የንግድ ስምምነት ለመዋዋል ለዓመታት ሲደራደር ቆይቶ፣ በመጨረሻ የቀን ገደብ አስቀመጠ። ገደቡ ሲያልፍ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ በኬንያ አበባ ላይ ከ5 እስከ 8.5 በመቶ ቀረጥ ተጫነ። ከጎኑ የቆሙት ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ እንደ ኢትዮጵያ በድሆች ተራ ስለነበሩ አለንጋው አልነካቸውም፤ የነካው ኬንያን ብቻ ነበር። አበባ ደግሞ ከቲማቲም የባሰ ነው፤ አንድ ቀን ዘግይቶ የደረሰ ጽጌረዳ ሣር ነው። ድርድሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጠናቀቀ፤ ቀረጡም በዲሴምበር 25 ተነሣ። ላይ ላዩን ላየው ሰው አለንጋው ሠርቷል፤ ለዓመታት ያልተገኘው እሺታ በጥቂት ቀናት ተገኘ።

ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። የፊርማው ጊዜ ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የፈረሙት ኬንያና ሩዋንዳ ብቻ ሆኑ። ታንዛኒያ ገና ያልጠናውን ኢንዱስትሪዬን ይጎዳል ብላ እምቢ አለች፤ ኡጋንዳና ቡሩንዲም አልፈረሙም። አምስቱ አገሮች በአንድ የጉምሩክ ማኅበር የተሳሰሩ ስለነበሩ ስምምነቱ በሥራ ላይ ሳይውል ተንሳፎ ቀረ። ኬንያ ብቻዋን እንደገና ተደራድራ የፈረመችው በዲሴምበር 2023፣ ውሉም የጸናው በጁላይ 2024 ነው። በሦስት ወር ቀረጥ የተገኘው እሺታ ውል እስኪሆን አሥር ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በመካከሉም አንድ የነበረው የጎረቤቶች ማኅበር ሁለት ሐሳብ ሆነ። አለንጋ ከሚሸሽበት የሌለውን ሰው ያስፈርማል፤ መሸሻ ያለውን ግን ያስኮርፈዋል። እነዚያ ሦስት ወራት በናይቫሻ ዳር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ መቀስ ለምትጨብጥ ሴት ምን እንደነበሩ ማንም በብራስልስ አዳራሽ አልጠየቀም። ቀረጡ የተሰላው ለመንግሥቷ ነበር፤ ያረፈው ግን በእርስዋ ፈረቃ ላይ ነው።

የባቱው ጽጌረዳ በዚያን ወቅት ሳይቀረጥ በመግባቱ ደስ ያለው ሰው ቢኖር ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ያ ነፃነት በድርድር የተገኘ መብት ሳይሆን ችሮታ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የድህነት መዝገብ ላይ በመስፈር የሚገኝ ችሮታ እንግዳ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ከመዝገቡ ለመውጣት እየታገለ በመዝገቡ ይጠቀማል። ችሮታ ደግሞ በሰጪው ፈቃድ ይነሣል።

ይህንንም አዳማ በራስዋ አይታዋለች። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ እንደ ሐዋሳው ሁሉ፣ ተስፋው በአብዛኛው ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ በመላክ ላይ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ለአፍሪካ አገሮች የሰጠው አጎዋ የተባለው ከቀረጥ ነፃ ዕድልም የዚያ ተስፋ ዋና ምሰሶ ነበር። ያለዚያ ዕድል ከጥጥ በተሠራ ካናቴራ ላይ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠራው ላይ እስከ 32 በመቶ ይከፈላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ታላቁ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒ ቪ ኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኢትዮጵያም በሰሜኑ ጦርነትና በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ተሰረዘች። የዕርምጃው ዓላማ ንግድ ሳይሆን ፖለቲካዊ ግፊት ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረምም ዕድሉ አብሮ አልተመለሰም።

ጦርነትን ለማስቆም የሚደረግ ግፊት ተገቢ ነው የሚል ሰው ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ከሰው ሕይወት ጋር ሲመዛዘን የካናቴራ ቀረጥ ምንድን ነው ሊል ይችላል። ይህ ክርክር መልስ የሚያገኘው አለንጋው ማንን እንደመታ ሲታይ ነው። በእነዚያ መስፌያ መኪናዎች ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ጦርነቱን አላወጁም፤ ለማስቆምም ሥልጣን አልነበራቸውም። ጦር የሚያዘው ሰው ደመወዙ አልተቋረጠም፤ እጅጌ የምትገጥመዋ ግን ተቋረጠባት።

እስካሁን የታየው አንዱ ወገን ጠንካራ ሌላው ደካማ የሆነበት ነው። ሁለቱም ወገን ጠንካራ ነኝ ሲል የሚደርሰውንም ይኸው የአዳማ መንገድ ያውቀዋል። በ1990 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘብ አወጣች። የአስመራው መንግሥት ናቅፋና ብር በእኩል ዋጋ እንዲዘዋወሩ ፈለገ። የአዲስ አበባው መንግሥት ደግሞ ከ2,000 ብር ከማያልፈው የጠረፍ ንግድ በስተቀር ልውውጡ ኤል ሲ በሚባለው የባንክ ሰነድና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለ። እያንዳንዱ ሌላው ያለ እኔ አይኖርም ብሎ አሰላ። አንዱ ጤፉን፣ ሌላው ወደቡን እንደ ጎተራ ቆጠረ። ንግዱ ተቀዛቀዘ፤ ጤፉ ወደ ሰሜን መጓዙን ቀነሰ፤ በግንቦት ወር ጦርነት ሆነ። የጦርነቱ መንሥኤ ንግድ ብቻ አልነበረም፤ ማን ትክክል ነበር የሚለውም ለታሪክ ጸሐፊዎች የሚተው ነው። የንግዱ ውጤት ግን ለሁሉም የሚታይ ነው። ከአዳማ ተነሥቶ በአዋሽ የሚወርደው ተሳቢ መኪና አፋር ውስጥ መንገዱ ሲከፈል ወደ አሰብ መታጠፉን ትቶ በገላፊ ወደ ጅቡቲ ብቻ መሄድ ጀመረ። አሰብ ያለ ሥራ ቀረች። ኢትዮጵያ ከውጭ ንግዷ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ በአንድ በር ብቻ የምታስተላልፍ ሆነች። የመደራደር ኃይሉን ከሁለቱ አንዳቸውም አላገኙትም፤ በጸጥታ የተቀመጠው ሦስተኛው ወሰደው። የሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር ክምር የዚያ ስሌት ቅሪት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዓለምም ቢሆን ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካ ምክር ቤት ስሙትና ሆሊ የተባሉ ሰዎች ያቀረቡትን የቀረጥ ሕግ ካጸደቀ በኋላ ሌሎችም አጸፋውን መለሱ፤ ከታላቁ ድቀት ጋር ተደማምሮም የዓለም ንግድ ከ1929 እስከ 1934 ባለው ጊዜ በዋጋ ሁለት ሦስተኛ ያህል ወረደ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ደካማው ሳይጮህ ያገኛል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በቻይና ብድር የተሠራ ነው። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ላይ መደረሱ ተገለጸ። ዕዳው ትልቅ በሆነ ጊዜ አበዳሪው ራሱ የቲማቲም ባለቤት ይሆናል፤ የተበዳሪው መውደቅ የእርሱም ብልሽት ነውና።

ከኃይለኛነት የሚለየው ጽናት ምን ዓይነት እንደሆነ ለመረዳት ግን የቡናው ስም ጉዳይ የተሻለ ማስረጃ ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉት ስሞች በአሜሪካ የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው ኩባንያም ኢትዮጵያ የንግድ ምልክቱን ትታ የአካባቢ ምርት ማረጋገጫ ብትይዝ ይሻላል አለ። ኢትዮጵያ ግን በትንንሽ ማሳ ላይ የተበተነውን የቡና ገበሬ ሁሉ እየተቆጣጠሩ ማረጋገጫ መስጠት የማይቻል ነው ብላ በሐሳቧ ጸናች። ቡናዬን አልሸጥም አላለችም፤ በማንም ላይ ቀረጥ አልጫነችም፤ ለስሙም ኪራይ አልጠየቀችም። የጠየቀችው የስሙ ባለቤትነት በፊርማ እንዲታወቅላት ነበር። ኦክስፋም የተባለው ድርጅት ጉዳዩን ለቡና ጠጪው ሕዝብ አደረሰው፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያው ፈረመ።

ያ ፊርማ በራሱ በገበሬው ጆንያ ላይ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ ተአምር ተደርጎ መተረክም የለበትም። ነገር ግን አካሄዱን ላስተዋለ፣ ኢትዮጵያ በዚያ ክርክር የጤፉ ባለቤት ነበረች። ስም አይነቅዝም፤ ሁለት ዓመት ቢከርም ያው ስም ነው። ቲማቲም የያዘው ኩባንያው ነበር፤ በደንበኞቹ ዘንድ ያለው መልካም ስሙ በየሳምንቱ ይበላሽበት ነበርና። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጠበቁን ዋጋ እንዲከፍል የተፈረደበት ገበሬ አልነበረም። ክርክሩ በሚካሄድበት ወቅት ሁሉ ቡናው ይለቀም፣ ይታጠብ፣ ይሸጥ ነበር። በብራስልስ የቀን ገደብና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት የድምፅ ከፍታ ሳይሆን ይኸው ነው።

የ2025ቱ ቀረጥ በቡና ላይ የደረሰበትም ሊጠቀስ ይገባዋል። አሜሪካ ቡና የምታበቅለው በሃዋይና በጥቂት ስፍራዎች ብቻ ስለሆነ፣ በቡና ላይ የተጫነው ቀረጥ የሚጠብቀው የአገር ውስጥ ገበሬ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቀረጡን ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን አስገቢው ነው፤ አስገቢው ወደ ቆዪው፣ ቆዪው ወደ ጠጪው አስተላለፈው። ጠጪው አጉረመረመ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ፕሬዚዳንቱ በፈረሙት ትእዛዝ ቡና ከዚያ ቀረጥ ነፃ ከሆኑት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ለይርጋጨፌ ገበሬ ቀረጡን ያስነሣለት የገዛ አገሩ ተደራዳሪ ሳይሆን የኒውዮርክና የቺካጎ ቡና ጠጪ ነበር፤ ሁለቱም አይተዋወቁም።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ከቡናው ጋር ሻይ፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና የበሬ ሥጋ ይገኛሉ። ቲማቲምም አለ። የመቂ ቲማቲም ግን አሜሪካ አይሄድም፤ የሚሄደው አዲስ አበባ ነው። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ደላላው ከግራሩ ጥላ ሲነሣ፣ ሳጥኖቹ በእርሱ ዋጋ ይጫናሉ።